አምስት ቁጥር

ሲይዙኝ ፊሽካው አፌ ውስጥ ነበር። ቢቸና ሜዳ ላይ ልጆቹን የማዕዘን ምት እያለማመድኩ ነው። ሁለት ሰዎች በመስመሩ በኩል ገቡ፤ አንደኛው ክንዴን ያዘ፣ ሌላኛው ደብተሬን ከሣሩ ላይ አነሳ። "ምን አጠፋሁ?" አልኩ። "ትደርስበታለህ" አሉኝ። ፊሽካውን ራሳቸው ከአፌ አወጡት። ልጆቹ ኳሷን ትተው በቆሙበት ቀሩ።

በደብረ ወርቅ በኩል አድርገው ሞጣ አወረዱኝ። ያስገቡኝ የእህል መጋዘን ነው፤ እህሉ ወጥቶ ሰው ገብቶበታል። ወለሉ ሲሚንቶ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ሽታው የነቀዝ መድኃኒት። ቀበቶዬንና የጫማዬን ክር ወሰዱ። ከጎኔ የነበሩት ስድሳውን ያለፉ የሞጣ ልብስ ሰፊ ናቸው፤ ሙስሊም ናቸው፣ ጋሼ እላቸው ነበር። የጋቢያቸውን ግማሽ ዘረጉልኝና "አረፍ በል፣ እዚህ ቤት የሚቸኩል የለም" አሉኝ።

በማግስቱ መርማሪው አስጠራኝ። ገና በሩን ስገባ አወቅሁት።

በወጣትነቴ የቢቸና የቀኝ መስመር አጥቂ ነበርኩ፤ ሰባት ቁጥር። ሁለት ዋንጫ ለከተማዬ አምጥቻለሁ። ሦስተኛውን ላመጣ ሞጣ ላይ ለፍጻሜ ስንጫወት፣ ከበረኛው ጋር ብቻችንን ስንፋጠጥ፣ የሞጣው አምስት ቁጥር ከኋላ መጥቶ ጉልበቴን ሰበረው። ኳሷ እኮ ርቃ ሄዳ ነበር! መጫወቴ እዚያ ላይ አበቃ፤ አሰልጣኝ የሆንኩት ወድጄ አይደለም። ያ አምስት ቁጥር ቦርጭ አውጥቶ ከጠረጴዛው ማዶ ተቀምጧል።

"እግርህን ምን ሆንክ?" አለኝ ሳነክስ አይቶ።

አይ አንተ! የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳ አሉ። "ወደቅሁ" አልኩት።

ደብተሬን ገለጠ። ክቦች፣ ቀስቶች፣ ቁጥሮች። ቀዩ ክብ የኛ፣ ሰማያዊው የተጋጣሚ ነው። ስም አልጽፍም፤ ስም ከጻፍኩ ልጆቹ ደብተሬን ሰርቀው ያያሉ፣ ተቀያሪ የሆነው ያኮርፋል። ስለዚህ ልማዴ ቁጥር ብቻ ነው። እሱ ግን "ይሄ የአድማ እቅድ ነው" አለኝ። "እነዚህ ቁጥሮች ሰዎች ናቸው። ስማቸውን አንድ በአንድ ትነግረኛለህ።"

ኳስ የተጫወተ ሰው የማዕዘን ምት ሥዕል ጠፍቶት አይደለም። አውቆ ነው። ስም ከሰጠሁ አሥራ ስምንቱም ልጆቼ ተለቅመው እዚያ መጋዘን ይገባሉ፤ ያንንም ያውቃል። ዝም አልኩ። በዝምታዬ ያገኘኝን ጀርባዬ ያውቃል።

ስመለስ ጋሼ ጀርባዬን በጋቢያቸው ጫፍ እየጠረጉ "ሰውዬውን አወቅኸው?" አሉኝ።

"ጉልበቴ አወቀው።"

"እኔም አውቄዋለሁ። የዚያን ጊዜ የሞጣን ማልያ ቁጥር የሰፋሁት እኔ ነኝ። አምስትን የሰፋ እጄ ይቆረጥ!" ትንሽ ቆይተው ደግሞ "ተወው፣ ለአላህ ስጠው" አሉ።

"እሰጣለሁ ጋሼ። መጀመሪያ ግን ለእኔ ይድረሰኝ።"

ሳቁ። እኔ ግን የምሬን ነበር። ከዚያ ወዲያ ስለ መፈታት አላሰብኩም፤ ተኝቼም ተነስቼም የማስበው እሱን ብቻ ሆነ።

ደብተሬ ውስጥ አንድ ገጽ አለች፤ ያ የፍጻሜ ጨዋታ። ኳሷን ለጓደኛዬ ማሻማት ሲገባኝ ብቻዬን የገባሁበትን ስህተት ለልጆቹ ማስተማሪያ ብዬ የሣልኳት ናት። ቀይ ሰባት ወደ ጎል፣ ከኋላው ሰማያዊ አምስት። በሦስተኛው ቀን በራሴ እጅ ያችን ገጽ ገለጥኩለት።

"ዋናው ሰው ይሄ ነው" አልኩት ጣቴን አምስት ላይ አድርጌ። "ከኋላ መጥቶ የሚመታ፣ ሰው አካለ ጎደሎ የሚያደርግ እሱ ነው።"

አንዲት ቃል ሳያስቀር ጻፈ። "ስሙስ?"

"አለቃህ ባሉበት ካልሆነ አልናገርም።"

እንዴት ደስ እንዳለው! ሹመት ሸተተው። ከጻፈው ሥር ራሱ ፈረመበትና ወረቀቱን አጠፈው።

አለቃው ከሁለት ቀን በኋላ መጡ፤ መነጽር ያደረጉ፣ ቶሎ የሚሰለቹ ቀጭን ሰው። መርማሪው የጻፈውን ድምፁን ከፍ አድርጎ አነበበላቸው፤ ዋናው ሰው፣ ከኋላ የሚመታ፣ አካለ ጎደሎ የሚያደርግ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። "በል ተናገር፣ አምስት ቁጥር ማነው?"

"አንተ ነህ" አልኩት።

ሱሪዬን እስከ ጉልበቴ ሰበሰብኩ። ጠባሳው እንደ ጆንያ ስፌት ነው። "ጌታዬ፣ ያ ገጽ የኳስ ጨዋታ ነው። ቢቸና ከሞጣ፣ ለፍጻሜ። ሰባት ቁጥር እኔ ነኝ፤ አምስት ቁጥር ይኸውልዎ። ማልያውን የሰፉት ሰው እዚሁ መጋዘን ውስጥ ታስረዋል፤ ያስጠሯቸውና ይጠይቁ።"

አለቃው መነጽራቸውን አወለቁ። "ኳስ ትጫወት ነበር?" አሉት።

ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።

"መልስልኝ እንጂ! ይሄ ኳስ ነው ወይስ የአድማ እቅድ? እቅድ ከሆነ ዋናው ሰው አንተ ነህ፤ ይኸው ፈርመህበታል።"

ጉልበቴን አየ፣ ፊርማውን አየ። "ኳስ ነው ጌታዬ" አለ።

"ሌላውስ ገጽ?"

"እሱም ኳስ ነው። ሁሉም ኳስ ነው።"

አንጀቴ ቅቤ ጠጣ! ዋንጫ ያነሳሁ ቀን እንኳ እንደዚያ አልተደሰትኩም። ከሰዓት በኋላ ብቻችንን ስንሆን ያደረገኝን አልጽፍም። ብቻ ከልጆቼ አንድም አልተያዘም።

በሳምንቱ ለቀቁኝ። መርማሪው ደብተሬን ወረወረልኝና "ውጣ" አለኝ።

"ፊሽካዬስ?"

"የምን ፊሽካ?"

"ከአፌ ያወጣችሁት። ሳልይዘው አልሄድም።"

መሳቢያውን ሁሉ ሲበረብር ቆሜ ጠበቅሁት። ሲሰጠኝ በሸሚዜ ጠረግሁና ግቢው መሃል ስደርስ አንዴ ረዘም አድርጌ ነፋሁት። ወደ ቢሮው እየተመለሰ ነበር፤ እግሩ ባለበት ቀጥ አለ። ተጫዋች ነበራ! መራመድ ሲጀምር እኔ በሩን አልፌ ነበር፣ እያነከስኩ።

ዛሬም ቢቸና ሜዳ ላይ ነኝ። ጋሼም ተፈተው ወደ ስፌታቸው ተመልሰዋል፤ የቡድናችንን ማልያ የሚሰፉልን እሳቸው ናቸው። የነፍስ አባቴ "ይቅር በለው" ይሉኛል። "እሺ አባ" እላለሁ፤ ውሸቴን ነው። ባለፈው ሰውዬውን ሞጣ መናኸሪያ አገኘሁት። እጁን ዘረጋልኝ። እጄን ኪሴ ከትቼ አልፌው ሄድኩ፤ አላፍርበትም።

ውድድር ሊጀመር ሲል ጋሼ ሁሌም ይደውላሉ። ዘንድሮም ደወሉ።

"አራትን ጨርሻለሁ" አሉኝ። የስፌት መኪናው ድምፅ ቆመ። "ዘንድሮስ? አምስትን ልስፋት?"

ጉልበቴን አሸት አሸት አደረግሁ።

"ስድስትን ይጀምሩ ጋሼ" አልኳቸው።