«ጓሳው ተከፈተ» ያለኝ ደብዳቤ

ደብረ ብርሃን፣ ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት

ብርዱ አጥንት ድረስ ይዘልቃል። አውቶቡሱ እየተንቀጠቀጠ ተነሣ፤ እኔም አብሬው። ሾፌሩ የደረት ኪሴን ደጋግሜ ስዳብስ አይቶ፣

«ወንድሜ፣ ወርቅ ይዘሃል እንዴ?» አለኝ።

«ደብዳቤ ነው። ነፍሴን ያተረፈ።»

በጦርነቱ ጊዜ ሰሜን ግንባር ሳለሁ፣ አብሮ አደጌ ጌታነህ ከአገራችን ከጓሳ ሜዳ ጥግ ይጽፍልኝ ነበር። ደብዳቤያችን እየተከፈተ ስለሚነበብ እኔ ውጊያውን «አጨዳ» እያልኩ እጽፍለት ነበር። የመጨረሻው ደብዳቤው እንዲህ አለኝ፦ «ጓሳው ተከፈተ። ቶሎ ና፤ ከዘገየህ ድርሻህ ያልፍሃል።» ወዲያው ገባኝ! መንገዱ ክፍት ነው፣ አምልጥ ማለቱ ነው። በዚያው ሰሞን ከጦሩ ጠፋሁ። ሳምንት ሳይሞላ የነበርኩበት ምሽግ ከነሰዎቹ ወደመ።

ከዚያ ወዲህ ግን አንዲት መስመር አልጻፍኩለትም። መጀመሪያ ከፍርሃት፣ መንግሥት ሲለወጥ ደግሞ ከሐፍረት። ወላጆቼ ካረፉ በኋላ በአገሬ የቀረኝ እሱ ብቻ ነው፤ ዛሬ ወደ እሱ እየሄድኩ ነው። ሞቷል ብሎ ተዝካሬን አውጥቶ ይሆን? ወይስ ተቀይሞኛል?

ሞላሌ፣ ረፋድ ላይ

የገበያ ቀን ነው። በግ የሚነዱ፣ ገብስ የጫኑ፣ ከበግ ጠጉር የተሠራ ባና የተሸከሙ ሰዎች መንገዱን ሞልተውታል፤ ሾፌራችን ከጥሩንባው ላይ እጁን አላነሣም። የገብስ እንጀራ በሽሮ ቀረበልን። ሽሮው ግሩም ነው፣ እኔ ግን ሳልበላ የሆነውን ሁሉ ለሾፌሩ አወራሁት።

«ከጦር ሜዳ የጠፋህ ሰው ጓደኛህን ትፈራለህ?» ብሎ ሾፌሩ ሳቀብኝ። እውነቱን ነው።

ጓሳ፣ ከሰዓት በኋላ

መሐል ሜዳ ከአውቶቡስ ወርጄ በፈረስ ወጣሁ። ጌታነህን በርኖሱን ደርቦ በጎቹን ሲያጠጣ አገኘሁት። ትክ ብሎ አየኝ።

«አንተ! አለህ እንዴ?» ብሎ አንገቴ ላይ ተጠመጠመ። ሁለታችንም አለቀስን።

ደብዳቤውን አውጥቼ «በዚህች ምስጢር አተረፍከኝ» ስለው ግራ ገባው።

«የምን ምስጢር? ስንት ዓመት እንዳይታጨድ ተዘግቶ የኖረው የጓሳ ሣር ለአጨዳ ተከፈተ። አንተ ደግሞ ‹አጨዳ በዛብን› ትለኛለህ። የጦሩ እርሻ መስሎኝ! ለሰው ከምታጭድ ና የራስህን የቤት ክዳን እጨድ አልኩህ።»

በሳቅ ፈረስኩ። ይህን ሁሉ ዘመን በብልሃቱ ስደነቅ!

«ድርሻዬስ? አለፈኝ?» አልኩት።

ከቤቱ ጎን ወዳለች ትንሽ ጎጆ በአገጩ አመለከተኝ።

«ድርሻህን አጭጄ ይችን ከደንኩልህ። ስትመጣ የት ልታድር ነበር?»

ወዲያው ዝናቡ መጣ፤ ሮጠን ገባን። ጎጆዋ አንዲት ጠብታ አላፈሰሰችም።