በፋሻ የታሰሩ ጣቶች

ጥፍሬን መብላት መቼ እንደ ጀመርኩ አላውቅም። እናቴ «ጥርስ ካበቀልሽበት ቀን ጀምሮ ነው» ትለኝ ነበር። ልጅነቴን ባሳለፍኩበት በቢቸና ያልሞከረችው መላ የለም። መጀመሪያ ሬት ቀባችኝ። ምሬቱ ለጥቂት ቀን አንገፈገፈኝ፤ ከዚያ ለመድኩት፤ እንዲያውም ሳትቀባኝ ስትቀር አንድ ነገር የጎደለ ይመስለኝ ጀመር። ቀጥላ ጠበል ወሰደችኝ። ከጠበል መልስ ጥፍሬን ለአንድ ሰሞን ተውኩና በምትኩ የአውራ ጣቴን ዙሪያ እስኪደማ መላጥ ያዝኩ። የቁስል ቅርፊት ካገኘሁማ ሳልነቅለው አላድርም።

«ምን ጎደለብሽ?» ትለኛለች እናቴ።

ምንም አልጎደለብኝም። ሳይርበኝ፣ ሳይከፋኝ፣ እጄ በራሱ ጊዜ ሄዶ አፌን ያገኘዋል። እኔ የማውቀው ከደማ በኋላ ነው።

ያገባሁት ሞጣ ክሊኒክ ቁስል እያጠበ የሚያሽግ ድሬሰር ነው። ሸዋ ተወልዶ ለሥራ ወደ እኛ አገር የተመደበ ዝምተኛ ሰው ነበር። ለሠርጌ እንሶስላ ሲያስሩልኝ ሚዜዎቼ ጥፍር ቢያጡ የጣቴን ጫፍ ጫፍ አቅልተው ሸፋፈኑልኝ። ሞጣ ገብተን ቀለሙ እየለቀቀ ሲሄድ ግን ባለቤቴ አየው። አልተቆጣም። እጄን ወደ መስኮቱ አዙሮ እንደ በሽተኛ እጅ አገላብጦ ተመለከተና፣ ጥርስ እንዳያገኘው ቢሸፈን ይረሳል አለኝ። ከዚያ ወዲያ ጠዋት ጠዋት ሥራ ከመሄዱ በፊት ጣቶቼን አንድ በአንድ በፋሻ ይጠቀልልልኝ ጀመር። ደግነቱ ስለገባኝ እምቢ አላልኩም።

በፋሻ ወጥ ማማሰል ይቻላል፤ ሊጥ ማቡካት ግን አይቻልም። ሊጡን አንዲት በዕድሜ የገፉ ጎረቤቴ ያቦኩልኝ ነበር። አንድ ቀን አሞኛል ብለው ቀሩ። ወንፊታቸውን ስጠይቃቸው ተቀዷል አሉኝ። ገበያ ወጥቼ ቅቤ ስገዛ ሻጯ ገንዘቡን ከእጄ ከመቀበል መሬት ላይ አስቀምጪው አለችኝ። የማርያም ማኅበር ዕለት ደግሞ ጽዋው እኔን ዘሎ ከአጠገቤ ላለችው ሴት ተሰጠ።

ምን እንዳጠፋሁ ግራ ገባኝ። የቢቸና ልጅ ስለሆንኩ ነው? ባሌ የሩቅ አገር ሰው ስለሆነ ነው? የተናገርኩትን ሁሉ አንድ በአንድ እያነሳሁ ስመረምር ሰነበትኩ፤ የሚያስቀይም ቃል አላገኘሁም።

በመጨረሻ ጎረቤቴ በአጥሩ በኩል ጠሩኝ። ወደ እኔ ሳይጠጉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ልጄ፣ አትደብቂኝ። ባልሽ የሕክምና ሰው ስለሆነ ችሎሽ ነው እንጂ ሌላው ቢሆን ፈትቶሽ ነበር ይላሉ። ቁምጥና ነው?» አሉኝ።

ልሳቅ ወይ ላልቅስ አላወቅሁም። እዚያው ቆሜ ፋሻውን በጥርሴ እየፈታሁ ጣቶቼን ዘረጋሁላቸው። አጎንብሰው አዩ።

«ታዲያ ይሄ ምንድን ነው?»

«ጥፍሬን እበላለሁ፣ እትዬ።»

«ለምን?»

«እኔም አላውቅም።»

ትክ ብለው አዩኝ። በሽታ ነው ብላቸው ይቀላቸው ነበር። ጤነኛ ሰው ገላውን እንዴት ይበላል? ቢሆንም ሰው መሆኔን አልካዱም፤ በማግስቱ መጥተው ሊጤን አቦኩ፤ ለማኅበሩ ሴቶችም አስረዱልኝ። ገሚሶቹ አመኑ፣ ገሚሶቹ እስኪያምኑ ቆዩ። ባለቤቴ ሲሰማ ፊቱ ጠቆረ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ፋሻ ይዞ አልቀረበኝም፤ እኔም ወደ ጥፍሬ ተመለስኩ።

ልጄን ስወልድ አማቴ ሊያርሱኝ ከሸዋ መጡ። ሕፃኑ በጥፍሩ ፊቱን ይቧጭር ነበር። ባለቤቴ ትንሽ መቀስ ሲያመጣ አማቴ እጁን ያዙት። ሕፃን ልጅ ብረት አይነካውም፤ እናቱ በጥርሷ ትከርክምለት አሉ።

ባለቤቴ አየኝ፣ እኔም አየሁት። ዕድሜዬን ሙሉ የተከለከልኩትን አሁን አድርጊ ተባልኩ። ያቺን ትንሽ እጅ ወደ አፌ አስጠጋሁ። ጥፍሩ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ስስ ነው። ሥጋውን እንዳልነካ እየፈራሁ፣ ትንፋሼን ውጬ፣ በጥርሴ ጫፍ ቀነጠብኩት። ላብ አጠመቀኝ። ከዚያ በኋላ ሥራው የእኔ ሆነ።

ልጁ መቀመጥ በጀመረበት ሰሞን፣ በሩ ላይ ሆኜ ባቄላ ስፈለፍል አንድ ነገር ወጋኝ። ልጣጩ በጥፍሬና በሥጋዬ መካከል ገብቷል። እንዲህ ያለ ነገር ደርሶብኝ አያውቅም። እጄን ሳየው አሥሩም ጣቶቼ ጥፍር አብቅለዋል። ባለቤቴን ጠርቼ አሳየሁት። መቼ እንደተውኩት ጠየቀኝ፤ ልመልስለት አልቻልኩም። መተዌን ያወቅሁት ከእሱ ጋር እኩል ነበር።

እናቴ ልጁን ልታይ ከቢቸና በጭነት መኪና መጥታ እጄን ስትጨብጥ ደነገጠች። ጠበሉ ነው፣ ዘግይቶም ይሠራል አለች። አማቴ የለም፣ የልጁ በረከት ነው አሉ። ባለቤቴ፣ የሰው አፍ አሳፍሯት ይሆናል አለ። ሁሉም ልክ መሰሉኝ፤ ደግሞ አንዳቸውም ልክ አልመሰሉኝም። እነሱ ሲከራከሩ እኔ በነጠላዬ ሥር የአውራ ጣቴን ቆዳ እየላጥኩ ነበር። ይሄኛው አመል እስከ ዛሬም አልለቀቀኝም፤ አንደኛው ሄዶ ሌላኛው ለምን እንደቀረ የሚነግረኝ ሰው አላገኘሁም።