ድንበሩ የተገፋበት ወፍ

አባቴ ጎንደር ከተማ ካሉት አድባራት በአንዱ መሪጌታ ነበር፤ ጎረቤቱም ተማሪውም የኔታ ይለዋል። በጃንሆይ ጊዜ ነው፤ እኔ ከመምህራን ማሠልጠኛ ወጥቼ እዚያው ከተማ ማስተማር የጀመርሁበት ዓመት። አብሮኝ እንግሊዝኛ የሚያስተምር አንድ ወጣት ፈረንጅ ነበር። ከትምህርት ሰዓት ውጭ ሥራው ወፍ ማየት ነው። አንገቱ ላይ መነጽር፣ ትከሻው ላይ ሻንጣ የምታህል ቴፕ አንጠልጥሎ ከፒያሳ ወደ እኛ ሰፈር ሲወጣ ሰዉ «ምን ሊለካ መጣ?» ይል ነበር።

የደብራችን ግቢ ጽዱና ወይራው ጥቅጥቅ ያለ ስለሆነ አባቴን አስፈቅጄ አስገባሁት። እናቴም ተከትላን መጣች። ከጽዱ ጫፍ አንድ ወፍ ያፏጫል፤ ውኃ ከእንስራ ሲንቆረቆር የምትሰሙ ይመስላችኋል። ከልጅነቴ ጀምሮ ስሰማው የኖርሁት ነው፤ መልኩን ግን አይቼው አላውቅም። ፈረንጁ ፉጨቱን ቀዳና ክሩን ወደ ኋላ አጠንጥኖ መልሶ ለቀቀው።

ወፉ ዱብ አለ! ራሱ ጥቁር፣ ገላው እንደ አደይ አበባ ቢጫ። ክንፉን እያርገፈገፈ፣ እየጮኸ፣ ከቅርንጫፍ ቅርንጫፍ እየዘለለ ቴፑን ይዞረው ጀመር። ደስታዬን አልችል ብዬ አጨበጨብሁ።

«ሸጋ ነው! እስቲ ድገመው» አለ አባቴ።

ደገመው። ሠለሰው። ወፉ ምንቃሩን ከፍቶ ያለከልካል።

«ምን ሆኖ ነው እንዲህ የሚሆነው?» አለች እናቴ።

«ሌላ ወንድ ድንበሩን የገፋበት መስሎት ነው፤ ሊያባርረው ነው የመጣ» አለ ፈረንጁ። አማርኛው ደኅና ነበር።

«የሌለ ሰው ሊያባርር? ምነው ታንገላቱታላችሁ? ጎጆ ይኖረው ይሆናል፣ ልጅ ይኖረው ይሆናል።»

«አይጎዳም እማማ፤ ለትንሽ ጊዜ ነው።»

«ወፍ ምን ያውቃል ብለሽ ነው» ብሎ አባቴ ሳቀ። እናቴ ነጠላዋን አጣፍታ ጥላን ወጣች።

ቤት ስንገባ ፈረንጁ የአባቴን ዜማ ልቅዳ አለ። አባቴ ጉሮሮውን ጠርጎ ጀመረና መሐል ላይ እንግዳው ባዶ እጁን መቀመጡን ሲያይ «እሜቴ! ጠላው የታለ? ለእንግዳው ቅጂለት እንጂ!» ብሎ ጮኸ። ያም አብሮ ተቀዳ።

ከጥቂት ጊዜ በኋላ አባቴ ለዘመድ ተዝካር እንፍራንዝ ወረደ። በሚመለስበት ቀን እናቴ «ያንን ልጅ ከነቴፑ ጥሪልኝ» አለችኝ። መጣ። የምትፈልገውን ስትነግረው ፊቱ ቀላ፤ ግን እሺ አለ። በሩን ገርበብ አድርገን ጠበቅን። አባቴ በቅሎውን ሲያስር ሰማንና እናቴ በጣቷ ምልክት ሰጠች።

«እሜቴ! ጠላው የታለ?» አለ ቴፑ በወፍራም ድምፅ።

የውጭው ኮቴ ቀጥ አለ።

«ለእንግዳው ቅጂለት እንጂ!»

«ማነው እኔ ቤት ገብቶ የሚያዝ?» በሩ ተበረገደና አባቴ መቋሚያውን እንደ ጦር ሰብቆ ዘሎ ገባ። ጥምጥሙ ወደ ጆሮው ዘምሟል። መጋረጃውን ገለጠ፣ አልጋው ሥር ጎንበስ አለ። እናቴ መደቡ ላይ እንደተቀመጠች ነበረች።

«ወፉም ያለው ይህንኑ ነው» አለችው። «አንተንስ አሁን እነግርሃለሁ፤ ያንተው ድምፅ ነው። እሱን ማን ይነግረዋል?»

አባቴ ቴፑን አየ። «እኔ እንዲህ ነው የምጮኸው?»

«እንዲያውም ቀንሶልሃል።»

መቋሚያውን ተደግፎ እንባው እስኪወርድ ሳቀ። ሁላችንም ሳቅን። ፈረንጁም ስቆ ስቆ ሲያበቃ «እማማ እውነታቸውን ነው» አለ።

«ጠርቶ መደበቅ ነውር ነው» አለ አባቴ፣ እንባውን እየጠረገ። «የሚለውን ቅዳ፤ አትጥራው።»

እኔ ግን ያንን ቢጫ እንደገና ማየት እፈልግ ነበር። «ታዲያ በምን እናየዋለን?» አልሁ።

«ደጅ መጥናት ነዋ! ባለ ጉዳይ ሁሉ የሚያደርገው ነው።»

ደጅ ጠናን። ጠዋት ጠዋት ከወይራው ሥር እንቀመጣለን፤ እናቴ ቆሎ ትይዛለች፣ አባቴ በለሆሳስ ያዜማል። ብዙውን ጊዜ ፉጨቱን ብቻ ሰምተን ወደየሥራችን እንሄድ ነበር። ፈረንጁ ቆሎ መቆርጠም ለመደ፤ አባቴም መነጽሩን ተውሶ ቁራ ሳይቀር ያይ ጀመር።

አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ እናቴ ክንዴን ቆነጠጠችኝ። ግቢው ውስጥ ባለ አንድ ሾላ ዝቅ ያለ ቅርንጫፍ ላይ ቢጫው ወፍ ከሚስቱ ጋር ተቀምጧል። በመካከላቸው ገና ላባቸው ያልጠና ጫጩቶች አፋቸውን ከፍተው ይንጫጫሉ። ተራ በተራ ያጎርሷቸዋል፤ እኛን ከቁም ነገርም አልቆጠሩን።

«እሰይ!» አለ አባቴ በሹክሹክታ። «አጎረሰው! አየሽው?»

ፈረንጁ ቆሎው በመዳፉ እንዳለ ፈዝዞ ቀረ፤ ቴፑን መክፈት እንኳ ትዝ አላለውም።