ወደቡ ላይ የቀጠልነው ቱቦ

ታላቅ ወንድሜ ከመመንኮሱ በፊት ብዙ ዓመት ባሕር ዳር ላይ የቧንቧ ሠራተኛ ነበር። አባታችን አንበሳሜ አጠገብ ባለች የገጠር ደብር መሪጌታ ስለነበሩ ልጃቸው እንደ እሳቸው የዜማ ሰው እንዲሆን ይመኙ ነበር። እሱ ግን ጾመ ድጓውን ሳይጨርስ ከተማ ገባ። እኔም ከሙያ ትምህርት ቤት ስወጣ ሥራ ያስያዘኝ እሱ ነው። አያ እለው ነበር። ሰዎች ሴት ልጅ መፍቻ ይዛ ሲያዩ ይስቁ ነበር፤ አያ ግን ከማንም ጋር አይከራከርም፤ ከባዱን ሥራ ለእኔ ይተውና ዞር ይላል።

አንድ ክረምት ከከተማው ወጣ ብሎ ለሚገኝ ዶሮ አርቢ የጫጩት ቤት ወለል ሠራን። ሰውየው በከሰል ጭስ ጫጩቶቹ እያለቁበት ስለተቸገረ፣ በፀሐይ የሞቀ ውሃ ከሲሚንቶው ሥር በፕላስቲክ ቱቦ እንዲዞርለት ፈለገ። ቱቦው ተጠቅልሎ ነው የሚመጣው። እኔ የውስጡን ጫፍ ያዝሁና ሳብሁት። ብዙም ሳይወጣ ተጠማዞ ታጠፈ፤ የታጠፈበትም ቦታ ነጭ ሆነ።

«ክር አይደለም እኮ» አለኝ አያ። «ጥቅሉን አቁሚና እንደ ጎማ እያንከባለልሽ ዘርጊው።»

ከዚያ ሞቃት አየር የሚነፋውን መሣሪያ አምጥቶ እጥፋቱን ከሩቅ፣ ዙሪያውን እያዞረ አሞቀው። ነጩ መስመር እየሳሳ ጠፋ፤ ቱቦውም ቀስ ብሎ ክብ ሆነ። እስኪበርድ ማንም እንዳይነካው አደረገ። «በእሳት እንዳትሞክሪው» አለ። «እሳት የላሰው ቱቦ ዛሬ ባያፈስ ነገ ያፈሳል። መሣሪያ ከሌለሽ ቆርጠሽ ቀጥይው። ቅጥያ ግን ሲሚንቶ ውስጥ አይቀበርም፤ ሲያፈስ ወለሉን ሁሉ ታፈርሻለሽ።»

አባታችን ባረፉ በዓመቱ ነገሩ ሁሉ ተለወጠ። አያ ማለዳ ማለዳ ቤተ ክርስቲያን መሳም አዘወተረ፤ ምሳ መብላት ተወ። አንድ ቀን ሥራ ጨርሰን ስንወጣ የመሣሪያ ሣጥኑን አሸከመኝ። «ያንቺ ነው» አለ። በሳምንቱ ሐይቁን በጀልባ ተሻግሮ ገዳም ገባ።

የገባባት ደሴት ሴት አትገባባትም። ሴት የሚፈቀድላት እስከ ወደቡ ነው። እናቴ ሁለት ጊዜ ሄዳ ነበር። በመጀመሪያው አልወረደላትም። በሁለተኛው ወርዶ ጉልበቷን ስሞ ተመለሰ። እኔ አልሄድሁም፤ ተቀይሜው ነበር። ሥራ ላይ ግን ሳላስበው ዞር ብዬ መፍቻ እንዲያቀብለኝ እጄን እዘረጋለሁ።

በሦስተኛው ዓመት ወደ ደሴቷ የሚመላለሰው ባለጀልባ አንዲት ወረቀት አመጣልኝ። የአያ ጽሕፈት ነው። መምህሩ የሆኑት አረጋዊ አባት ቁርጥማት ጠንቶባቸው ከመሬት ተኝተዋል፤ ክረምቱን የድንጋዩ ወለል አይቻልም፤ ከሰልም ደረታቸውን ያፍናቸዋል። ከተማ ውስጥ የሕንፃ መሣሪያ የሚሸጥ፣ ከድሮ ጀምሮ ደንበኛችን የነበረ ሙስሊም ነጋዴ ቱቦውንና የፀሐይ ማሞቂያውን «ለሽማግሌው ይሁን» ብሎ ሰጥቶታል። አያ ራሱ ወለሉን አዘጋጅቶ ቱቦውን ሲዘረጋ መሃል ላይ ታጠፈበት። «እዚህ የአየር መንፊያውን የሚያሠራ መብራት የለም። ምን ላድርግ?» ይላል መጨረሻው።

መልሱን ያስተማረኝ እሱ ራሱ ነው፤ በሁለት መስመር መጻፍ ይቻል ነበር። አልጻፍሁም። ሣጥኑን ይዤ በማግሥቱ ጀልባው ላይ ወጣሁ።

ወደቡ ላይ ቆሞ ጠበቀኝ። ከስቷል፤ ጢሙ አድጓል፤ ቆቡ ትንሽ ሰፍቶታል። በመንገድ ሁሉ ምን ብዬ እንደምጠራው ሳስብ ነበር የመጣሁት። «እንዴት ሰነበቱ፣ አባ» ልለው ነበር፤ ከአፌ የወጣው ግን «አያ» ነው።

«እግዚአብሔር ይመስገን» አለ፤ ዓይኑን ከውሃው ሳያነሣ። «እናታችን ደኅና ናት?»

«ደኅና ናት። ቱቦው የታለ?»

ከሌላ መነኩሴ ጋር ተሸክመው አወረዱት። እጥፋቱን በጣቴ ዳሰስሁት፤ ደጋግሞ ስለታጠፈ ግድግዳው ሳስቷል።

«ማነው የሳበው?»

«እኔ ነኝ» አለ። «ከመምሸቱ በፊት ልጨርስ ብዬ ቸኮልሁ።»

የሸንበቆ ስባሪ አነሣሁና የመምህሩን ክፍል እሱ እንደ ነገረኝ አሸዋው ላይ ሣልሁለት። ቅጥያው ደጃፉ አጠገብ፣ ከሲሚንቶው ውጭ እንዲወድቅ፣ አንዱን ግማሽ ወደ ቀኝ፣ አንዱን ወደ ግራ እያዞረ እንደገና እንዲዘረጋው ነገርሁት። ክዳን ያለው ሣጥን ካበጀለት ሲያስፈልግ ከፍቶ ያየዋል። እሱ ሲያስረዳኝ እንደ ነበረው ቀስ ብዬ አስረዳሁት።

ከዚያ ሥራ ጀመርን። እጥፋቱን ከግራና ከቀኝ ቀጥ አድርጌ ቆርጬ ጣልሁት። አያ ሳልጠይቀው የቱቦውን አፍ ፋቀ፤ የማጥበቂያ ቀለበቶቹን አስገባ። እኔ መገጣጠሚያውን እስከ ጥጉ ገፋሁ፤ እሱ ያዘልኝ፤ ቀለበቶቹን በመጭመቂያው ጠበቅ አደረግሁ። እጁ ምንም አልረሳም። እንባዬ እንዳይታይ ሣጥኑ ውስጥ የማልፈልገውን መሣሪያ ስፈልግ ቆየሁ።

ቱቦውን በአየር ሞልተን የግፊት መለኪያውን ገጠምን። መርፌው አለመውረዱን ለማየት አንድ ሰዓት መጠበቅ ያስፈልጋል። ባለጀልባው ከጀልባው ውስጥ ጋደም አለ፤ ሌላው መነኩሴ ወደ ላይ ወጣ። እኛ ድንጋይ ላይ ተቀመጥን።

«ለምን ሳትነግረኝ ሄድህ?» አልሁት።

«ብነግርሽ አትለቂኝማ።»

«አልለቅህም ነበር።»

ጎንበስ ብሎ መለኪያውን አየ። ቆይቶ፣ «ዛሬ በመምጣትሽ ደስ ብሎኛል፤ አልዋሽም» አለ። «ግን ከእንግዲህ ቶሎ ቶሎ አትምጪ። እናታችን የመጣች ጊዜ ሳምንት ሙሉ መጽሐፉን ገልጬ የማየው እሷን ነበር። አንቺ ደግሞ…» አልጨረሰውም።

ልቆጣው ፈለግሁ፤ አልቻልሁም። ለካስ እሱም ናፍቆ ኖሯል። ለሦስት ዓመት የያዝሁት ቂም እዚያው ድንጋይ ላይ ቀረ፤ በቦታው የገባው ግን ከቂሙ ይልቅ ከበደኝ።

ሰዓቱ ሞላ። መርፌው አልወረደም። ሌላው መነኩሴ ተመለሰና ቱቦውን ጠቅልለው በትከሻቸው ይዘውት ወጡ። ከመንገዱ መታጠፊያ በላይ ዛፉ ሸፈናቸው።

ያንን ክፍል አይቼው አላውቅም፤ ላየውም አልችልም። ቃሉን ጠብቄ ከዚያ ወዲህ አልተሻገርሁም። የተረፉ ቀለበቶችና መገጣጠሚያዎች ሳገኝ እልክለታለሁ። ባለፈው ሰኔ ባለጀልባውን ገበያ ላይ አገኘሁት። ወለሉ እንደሚሞቅ፣ ሽማግሌው አባት በዱላ ተደግፈው ቤተ ክርስቲያን ሄደው እስከ ቅድስት መግባት እንደ ጀመሩ ነገረኝ።

«ወንድምሽ አባም ‘እጇን ይባርክ’ ብለዋል» አለኝ።

«ራሱ ነው ያለው?»

«ራሳቸው ናቸው።»

«ከስቷል?»

ሰውየው ጥቂት አሰበ። «ያው መነኩሴ አይደሉ» አለ።

የገዛሁትን ሽንኩርት እዚያው ረስቼ ስለ ፊቱ፣ ስለ ጤናው፣ ጫማ ይኑረው አይኑረው ስጠይቀው ቆየሁ። ሰውየው ታግሦ አንድ በአንድ መለሰልኝ።