አስራ ሁለተኛዋ ስፒል

አክስቴ ሃያ ሰባት ዓመት ያገለገለችው በአንድ ሆስፒታል የልብስ ክፍል ነው። የተቀደደ አንሶላ ስትጥፍ፣ የትራስ ልብስ ስትሰፋ፣ የሐኪም ጋዋን ስታሳጥር ዕድሜዋ ሄደ። ጡረታ ስትወጣ ይዛ የመጣችው አንድ ትልቅ መቀስ፣ የደነደኑ አስር ጣቶችና አንድ ሕግ ነው። ሕጉን ያገኘችው ከቀዶ ጥገና ክፍል ነው። አንድ ቀን የታጠበ ጨርቅ ልታደርስ ሄዳ፣ ሐኪሞቹ የሰውየውን ሆድ ከመስፋታቸው በፊት መርፌውንና ጨርቁን አንድ በአንድ ሲቆጥሩ በበሩ መስታወት አየች። «እኛስ ከማን እናንሳለን?» አለች አሉ፤ ከዚያን ቀን ወዲህ ሳትቆጥር የዘጋችው ስፌት የለም።

አሁን የምትሰፋው በሳሎኗ ነው፣ በነፃ። ማክሰኞና ሐሙስ ሶፋውን ወደ ግድግዳ ገፍተን ወለሉ ላይ ምንጣፍ እናነጥፍና ወላጅ ለሌላቸው ሕፃናት ማሳደጊያ ትንንሽ ብርድ ልብስ እንሠራለን። ልብስ ሰፊው ጎረቤታችን ቁርጥራጭ ጨርቅ ይሰጠናል። እኔ ሁለቱን ጨርቅና መሐሉ ላይ የተዘረጋውን ጥጥ በስፒል አያይዛለሁ፤ አክስቴ ጠርዙን ትሰፋለች፤ ጡሩምባ ደግሞ ጥጡ እንዳይሰበሰብ እዚህም እዚያም በክር ትቋጥረዋለች። ጡሩምባ የግድግዳ ተጋሪያችን ናት። ስሙን ያወጣላት የገዛ ባሏ ነው፤ ስታንሾካሹክ እንኳ ሦስተኛው ቤት ይሰማል።

የእኔ ስፒሎች አስራ ሁለት ናቸው። ከጨርቅ በተሠራች የቡጢ ያህል ትራስ ላይ ይሰካሉ። አንድ ልብስ ባለቀ ቁጥር አክስቴ ቀና ሳትል «ስንት?» ትላለች። «አስራ ሁለት» እላለሁ። ከዚያ በኋላ ብቻ ልብሱ ይታጠፋል።

የዚያን ዕለት ሐሙስ ነበር። የማሳደጊያው መኪና ስድስት ሰዓት ላይ ይመጣል፤ አስራ ስምንት ልብሶች ታጥፈው ሶፋው ላይ ተደርድረዋል። አክስቴ የቀሚሷን እጅጌ ልትይዝበት አንድ ስፒል ፈልጋ ትራሷን ከፊቴ አነሳች። እጇ አየር ላይ ቀረ።

«ይሄ አስራ አንድ ነው።»

«አስራ ሁለት ነው» አልኩ።

«ነይ ቁጠሪ።»

ቆጠርኩ። አስራ አንድ ነበር።

«ማክሰኞ ስንት ነበር?»

«አስራ ሁለት።»

«በጣትሽ ነክተሽ?»

እውነቱን ለመናገር፣ ሰው «እንዴት አደርሽ» ሲለኝ «ደህና» እንደምለው ነበር «አስራ ሁለት» የምላት። ሁልጊዜም አስራ ሁለት ስለነበረ።

«መጨረሻ የቆጠርሽው መቼ ነው፣ ልጄ?»

«ሦስት ሳምንት ይሆናል፣ አክስቴ።»

ዓይኗ ሶፋው ላይ ወዳሉት አስራ ስምንት ልብሶች ሄደ፤ ከዚያ ወደ በሩ። ምን እንዳሰበች ገባኝ። በእነዚህ ሦስት ሳምንታት በዚያ በር የወጣው ባለፈው ሳምንት ማክሰኞ የሄደው ስድስት ልብስ ብቻ ነው። ዘጠኝ ቀን ሙሉ ልጆች ተኝተውበታል።

ምንጣፉን ጠቀለልን፤ ሶፋውን አነሳን። ጡሩምባ በደረቷ ተኝታ ቁም ሳጥኑ ሥር በባትሪ እያበራች፣ «ሰው ወርቅ ጠፍቶበት እንዲህ አይንከባለልም! የጠፋብኝን የጆሮ ጉትቻ ባገኝ እንኳ አንድ ነገር ነበር» አለች። ማንም አልሳቀላትም። የተገኘው አንድ ቁልፍና ብዙ አቧራ ነው።

«ልብሶቹን አውርዱ» አለች አክስቴ።

የመጀመሪያውን ዘርግታ በመዳፏ ትጫነው ጀመር። ግማሹ ላይ ስትደርስ አቆመችና ጣቶቿን ገልብጣ አየቻቸው።

«እነዚህ ሞተዋል። ቢወጉም አይነግሩኝም።»

«እኔ ልሞክር?» አልኳት።

«አንቺ ዛሬ አታጥፊ፣ አትዘርጊ። ተቀመጪ።»

ተንበረከከችና ጉንጯን ልብሱ ላይ አሳረፈች። በሙሉ ክብደቷ፣ ሕፃን እንደሚተኛው። ከአንዱ ጥግ እስከ ሌላው ጥግ ፊቷን በቀስታ እየጎተተች ሄደች፤ ገልብጣ ደግሞ በሌላው ፊት። በየጨርቁ ላይ ዓይኗን ትጨፍናለች። አስረኛው ላይ ስትደርስ ጉንጯ ቀልቶ ነበር።

መኪናው ውጭ ክላክስ አደረገ። ሾፌሩ በሩን በጣቱ መታ።

«እማማ፣ ዕቃው ደረሰ?»

«አልደረሰም።»

«ኧረ በፈጠረዎት! ትናንት ሦስት ልጆች ገብተዋል። የሚለብሱት የለም፤ በፎጣ ነው ያደሩት።»

ጡሩምባ አክስቴን ወደ ጓዳው በር ሳበቻት። እንደ ልማዷ አንሾካሾከች፤ ሾፌሩም እኔም ሰማን።

«እትዬ፣ አንዲት ስፒል ናት! በመጥረጊያ ወጥታ ይሆናል። እኛ ራሳችን ብንነግራቸው ሁለተኛ ከዚህ ቤት ክር አይቀበሉም። ያኔ ማክሰኞን ምን ልንሠራበት ነው?»

አክስቴ ያለ ማክሰኞና ሐሙስ ምን እንደምትሆን አውቃለሁ። ጡረታ የወጣች ሰሞን አይቻታለሁ፤ በንጹሕ አንሶላ ላይ ቀዳዳ ስትፈልግ።

«አይቀበሉ» አለች፤ ተመልሳም ተንበረከከች።

አስራ ስምንቱም ንጹሕ ነበሩ። ተነሥታ ጉልበቷን አሸችና ነጠላዋን ለበሰች።

«ጫናቸው» አለችው ሾፌሩን። «እኛንም ጨምረህ።»

ማሳደጊያው ውስጥ የእንቅልፍ ሰዓት ነበር። ሞግዚቷ ጫማዋን አውልቃ በካልሲ ነው የተቀበለችን፤ ጣቷ ከንፈሯ ላይ።

«ከቤቴ በወጣ ብርድ ልብስ ውስጥ ስፒል ሊኖር ይችላል» አለቻት አክስቴ፣ በአንድ ትንፋሽ። «ከቤቴ» አለች እንጂ «የእህቴ ልጅ ጥፋት ነው» አላለችም።

የሞግዚቷ ፊት ተለወጠ። «የትኛው ውስጥ?»

«አላውቅም። ስድስት ናቸው።»

ሦስቱ ታጥበው ገመድ ላይ ነበሩ። አክስቴ እርጥቡን ጨርቅ ጉንጯ ላይ ለጠፈች፤ አንዱን፣ ሁለተኛውን፣ ሦስተኛውን። ምንም። አራተኛው ባዶ አልጋ ላይ ተጣጥፎ አገኘነው፤ እሱም ምንም። አምስተኛው ላይ አንዲት ልጅ በጎኗ ተኝታበታለች፣ ቡጢዋን አፏ ላይ አድርጋ።

«አሁን ገና ነው የተኛችው» አለች ሞግዚቷ። ግን እጇ ቀድሟት ነበር፤ ልጅቷን ከሥሯ ይዛ አነሳቻት። ልጅቷ ተነጫነጨች፤ አልነቃችም።

አክስቴ በአልጋው ብረት ላይ ጎንበስ አለች። መሐሉን ጨረሰች። ወደ እግርጌው ጥግ ስትደርስ ቆመች፤ ቆየች። ቀና ስትል ከጉንጯ አጥንት በታች የስፒል ራስ የምታህል ቀይ ነጥብ ነበረች።

ስፒሏ ጠርዙ አጠገብ፣ በጥጡ ውስጥ ተጋድማ፣ ጫፏን በጨርቁ ብቅ አድርጋለች። የልጅቷ ተረከዝ ካረፈበት አንድ ስንዝር አይሞላም። አክስቴ በጥፍሯ ስባ አወጣቻትና ኮሌታዋ ላይ ሰካቻት።

«ስድስተኛው የት አለ?» አለች።

«አገኙት አይደል እንዴ?»

«ይሁን። አምጪው።»

እሱንም ፈተሸች፤ ንጹሕ ነበር። ሞግዚቷ ልጅቷን ታቅፋ ትመለከታት ነበር።

«ለዋና ኃላፊዋ መናገር አለብኝ» አለች በመጨረሻ።

«ንገሪያት።»

«ካሁን በኋላ ትቀበላለች አትቀበልም አላውቅም፣ እናቴ። በኔ እጅ አይደለም።» ልጅቷን ሌላ አልጋ ላይ አስተኛችና ወደ መተላለፊያው ወጣች። ሾፌሩ አስራ ስምንቱን ጠረጴዛ ላይ ከምሯቸዋል። ሞግዚቷ የላይኛውን ዘረጋችው፤ ትንሽ አመነታችና ጎንበስ ብላ ጉንጯን አሳረፈችበት።

ቤት ስንመለስ፣ ስትጠብቀን የቆየችው ጡሩምባ «እህሳ?» እያለች ስትከተለን፣ አክስቴ ትራሷን አንስታ ጭኔ ላይ አስቀመጠችልኝ።

«ስንት?»

እያንዳንዷን በጣቴ እየነካሁ ቆጠርኩ። «አስራ አንድ። አንዷ ኮሌታሽ ላይ ናት።»

ከኮሌታዋ ነቅላ ቦታዋ ላይ ሰካቻት።

«አሁንስ?»

እንደገና ከአንድ ጀመርኩ።