ቧንቧው ላይ ያሰርኩት ሽቦ

እህቴ ከአረብ አገር እንደተመለሰች መካነ ሰላም ላይ፣ እዚያው ግቢዋ ውስጥ፣ ለባሏ የብየዳ ቤት ከፈተችለት። እኔ የከተማው ውሃ ቧንቧ ሠራተኛ ነኝና አዋቂ ተብዬ ተጠራሁ። የመበየጃው የመሬት ሽቦ የት ይታሰር? እኛ ዘንድ ይህ ጥያቄ አይደለም። ወፍጮ ቤቱም ጋራዡም እንደሚያደርገው፣ በግቢው የሚያልፈው የብረት ቧንቧ ላይ በገዛ እጄ ጠፍሬ አሰርኩት። ምሳ ተጋበዝኩ፤ ኮራሁም።

በሁለተኛው ክረምት፣ ቧንቧው እሷ ሰፈር ሳይደርስ የሚያቋርጠው ረግረግ ላይ ውሃ ይንፎለፎል ጀመር። ስንቆፍር ጭቃው ጥቁር ነው፤ የበሰበሰ እንቁላል ይሸታል። ቧንቧውን በቢላ ብነካው ቢላው ገባ። እኔን ይቀብራል ያልኩት ብረት!

አለቃዬ ሽማግሌ ናቸው። ጉድጓዱ አፍ ላይ ቁጢጥ ብለው፣ "ሁለት በላተኛ አለበት" አሉኝ። አንዱ አየር በሌለው እርጥብ ዋልካ ውስጥ የሚኖር ባክቴሪያ ነው፤ ጥቁረቱም ሽታውም የእሱ ነው። ሌላው ከመበየጃ ወደ ቧንቧው የሚገባው ኮረንቲ ነው፤ እርጥብ አፈር ሲያገኝ ሾልኮ ይወጣል፣ በወጣበት በኩል ብረቱን ይበላል።

"ማነው ሽቦ ያሰረበት?"

"ወላሂ፣ አላውቅም" አልኳቸው። በሐሰት መማሌ እስከ ዛሬ ያቃጥለኛል።

ቀዳዳውን ደፈንን፤ ሽቦውንም ሄጄ ፈታሁት። ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ! ያየነው አንዱን ቀዳዳ ብቻ ነው። የቀረው መስመር በመጸዳጃ ጉድጓዶች ጥግ ያልፋል። ውሃችን ደግሞ በፈረቃ ነው፤ በጠፋ ቀን ባዶው ቧንቧ በዙሪያው ያለውን ፍሳሽ ሁሉ ይስባል።

እህቴ ከስንት ዓመት ጥበቃ በኋላ ያገኘቻት፣ ገና ዓመት ያልሞላት አንዲት ልጅ አለቻት። ውሃ አፍልታ እንድታጠጣት ልነግራት ሄድኩ። አፌን ሳልከፍት ቀደመችኝ።

"ወንድም ጋሼ፣ እንኳን መጣህ። ልጅቱን ከትናንት ጀምሮ ያስቀምጣታል። ጎረቤቶቼ 'አብሽሪ፣ ጥርስ ልታወጣ ነው' ይሉኛል።"

ልጅቱን ከእጇ ተቀበልኳት። ዓይኗ ጎድጉዷል፣ ከንፈሯ ደርቋል።

"ተነሺ፣ ጤና ጣቢያ እንሂድ። የቧንቧውንም ውሃ እንዳትሰጫት።"

"ለምን? የቧንቧው ሰው አንተ አይደለህ እንዴ?" አለችኝ።

ልጅቱን ታቅፌ ቀድሜያት ወጣሁ።