ሁለት ጣት ወደ ፊት

ልጄ ዋናተኛ ነበረች። በ2020 ወረርሽኙ ሲመጣ የትምህርት ቤቷ መዋኛ ተዘጋ። እኔ ደግሞ አረጋውያን መጦሪያ ስለምሠራ በሽታውን እንዳላመጣባት ፈርቼ ምግቧን በሯ ላይ አስቀምጬላት እመለስ ነበር። ክትባቱ መጥቶ እኔ መራቁን ብተወው እሷ በሯን መክፈት ትታ ጠበቀችኝ። አሥራ ስድስት ዓመቷ ነበር። «ፋይን ነኝ» ትለኛለች ከውስጥ። ያንን «ፋይን» የፈራሁትን ያህል በሽታውን አልፈራሁም።

ስለዚህ በዓመቱ አንድ ቀን ወጥታ «እማዬ፣ ሰርፊንግ መማር እፈልጋለሁ» ስትለኝ፣ ኦሃዮ ውስጥ ባሕር የት አለና ብዬ አልተከራከርኩም። የሰሜን ነፋስ ሲነፍስ ኤሪ ሐይቅ ሞገድ እንዳለው የነገረችኝ እሷው ናት። ከምንኖርበት ከኮሎምበስ አጠገብ፣ ቤክስሊ ውስጥ ጋራዡን የሚያጸዳ አንድ ሰው አሮጌ፣ ረጅም ሰርፍቦርድ፣ ሞገድ ላይ ቆመው የሚንሸራተቱበትን ሰሌዳ፣ ሰጠን።

ቦርዱ ከሥሩ እንደ ዓሣ ክንፍ ያሉ ሦስት ነገሮች ይገጠሙበታል፤ ሁለት ትንንሽ በግራና በቀኝ፣ አንድ ትልቅ መሐል ላይ። ትልቁ በተቦረቦረ መስመር ውስጥ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይንሸራተትና የተፈለገው ቦታ ላይ በብሎን ይታሰራል።

እኛ ዘንድ ብሎን ያለው ነገር ሁሉ ወደ ጋሼ ይሄዳል። ጋሼ የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ናቸው፤ እኛ ሰፈር ዋይትሆል ያለውን የሐበሻ መኪና ሁሉ የሚጠግኑት እሳቸው ናቸው። አፓርትመንታችን ፓርኪንግ ላይ ትልቁን ክንፍ እስከ መጨረሻው ወደ ኋላ ገፍተው፣ ትንንሾቹንም ጨምረው ጥርቅም አድርገው አሰሩት።

«አሁን መንገዱን ይይዛል» አሉ።

ልጄ «ጋሼ፣ በጣም ኋላ ከሆነ ስቲፍ ይሆናል፣ አይዞርም» ስትል ቆነጠጥኳት። ትልቅ ሰው ሲሠራ ዝም ይባላል። ጋሼ ሰርፍቦርድ ሲያዩ የመጀመሪያቸው መሆኑን እያወቅሁ ነው እንግዲህ። አይ ይሉኝታ!

ሃይዌይ ስለምፈራ ሁለት ሰዓት የነዱልንም እሳቸው ናቸው። ጥቅምት ነበር፤ ሐይቁ ዳር ካፖርት ደርቤ ቆምኩ። ልጄ በጎማ ልብሷ ገባች፣ ሞገድ ያዘች፣ ቆመች፤ ቦርዱም ሐዲድ እንደተዘረጋለት ቀጥ ብሎ ወደ ዳር መጣ። ጋሼ አጨበጨቡ። እሷ ግን ታጥፋ ከሞገዱ ጎን ለጎን መሄድ ነበር የፈለገችው። ሰውነቷን ስታዘነብል ቦርዱ እምቢ ይላል፤ ጠንከር ስትልበት ይጥላታል። ስትወድቅ ስትነሣ ቆይታ በመጨረሻ ወጣችና ቦርዱን አሸዋው ላይ ጣለችው።

«ቤት እንሂድ። በቃኝ፣ ዳን ነኝ።»

«ትንሽ ሞክሪ እንጂ።»

«ነገርኩሽ እኮ! ዩ ኔቨር ሊስን፣ እማዬ። ሰምተሽኝ አታውቂም!»

ደሜ ፈላ። ጋሼ ፊት እንዲህ ትናገረኛለች! ልቆጣ አፌን ስከፍት ፊቷን ወደ መኪናው አዞረች። አሁን ከሄድን ያ በር ዳግመኛ እንደማይከፈትልኝ ገባኝ። ጋሼን ላለማየት መሬት መሬት እያየሁ ከመኪናው ካቻቢቴ አመጣሁና ቦርዱን ገልብጬ ተንበረከክሁ።

«የት ድረስ?» አልኳት።

«ሁለት ጣት ወደ ፊት። ትንንሾቹን አውጪያቸው።»

እጄ በብርድ ደንዝዟል፤ ጋሼ ያሰሩት ብሎን ደግሞ ጋሼ ያሰሩት ብሎን ነው። እሳቸው አጠገቤ በርከክ አሉና ካቻቢቴውን ከእጄ ተቀበሉኝ።

«እኔ የማውቀው መኪና ነው» አሉ፤ ለእኔ ሳይሆን ለእሷ። «አንቺ አሳዪኝ።»

ልጄ ሁለት ጣቷን አስቀምጣ ለካችላቸው፤ እሳቸውም ትንንሾቹን ነቅለው ትልቁን ልክ እዚያው አሰሩት።

ተመልሳ ገባች። ቦርዱ አሁን ቅብጥብጥ ብሎባት ሁለቴ ወደቀች። በሦስተኛው ቆመች፣ ተረከዟን ጫን አደረገች፣ ቦርዱም ታጠፈላት፤ ከሞገዱ ጋር ጎን ለጎን ሄደች። እልል አልኩ። ውሻ የሚያንሸራሽሩ ፈረንጆች ዞረው አዩኝ፤ ይዩኝ።

ስንመለስ ከኋላ ወንበር ሆና ስለ ክንፍ ታወራልን ጀመር። ወደ ፊት ሲሆን ቦርዱ ለእግር ይታዘዛል፣ ወደ ኋላ ሲሆን ፈጣን ሞገድ ላይ አይንቀጠቀጥም፣ ትንንሾቹም ሞገዱ ሲተልቅ ይመለሳሉ። ግማሹ እንግሊዝኛ ነው፤ ሁሉም አልገባኝም። ጋሼ መኪናው ውስጥ የከፈቱትን መዝሙር ቀነሱ።

«እማዬ፣ እየሰማሽኝ ነው?»

«እየሰማሁሽ ነው፤ ቀጥዪ» አልኳት።

እስከ ኮሎምበስ ቀጠለች።